ስሞት ትሰሙታላችሁ

ሣጥኑ ቦታው ላይ አልነበረም።

ሣጥን ስል የእንጨት ወይም የቆርቆሮ ሣጥን አይደለም። ሰዓድ የመምህርት ደስታነሽን የኑዛዜ ቪዲዮ የቆለፈበት፣ የምስጢር ቃሉን ካልሰጡት የማይከፈት የኮምፒውተር ፋይል ነው። ባለቤቱ ሣጥን ብሎ ስለሚጠራው እኛም ሣጥን አልነው። ቅዳሜ ረፋድ ላይ የፍርድ ቤት ትእዛዝ ይዘን ከፍኖተ ሰላም መናኸሪያ ጀርባ ወዳለችው የጽሕፈትና የኮምፒውተር ጥገና ሱቁ ስንገባ፣ "ኑ ግቡ፣ ይኸውላችሁ" ብሎ ማሽኑን በገዛ እጁ ከፈተልን። ከዚያ ሣጥኑን ፈለገው። ወንበር ስቦ ተቀምጦ እንደገና ፈለገው። ፊቱ አመድ መሰለ።

"እዚህ ነበረ" አለ።

"እግር አውጥቶ ሄዷላ" አለ ይርሳው ከኋላችን።

ይርሳው የሟች የወንድም ልጅ ነው፤ ሽንዲ ላይ እህል ይነግዳል። "ቪዲዮው የተቀነባበረ ነው፣ ፖሊስ ይያዝልኝ" ብሎ ዓርብ ዕለት ያመለከተውም እሱ ነው። መምህርት ደስታነሽ የመሪጌታ ወንድምአገኝ ልጅ፣ የከተማውን ግማሽ ሰው ፊደል ያስቆጠሩ፣ ባል ያላገቡ፣ ልጅ ያልወለዱ ሴት ነበሩ። ትተውት የሄዱት ንብረት አንድ ግቢ ነው። ይርሳው በሥጋ ዘመድነቱ ግቢውን ለመውረስ ይጠብቃል። ሥርጉት ደግሞ አለች፤ መምህርት ከሕፃንነቷ ወስደው ያሳደጓት፣ እስከ መጨረሻይቱ ቀን አጥባ አጉርሳ ያስታመመቻቸው። ኑዛዜው ለማን እንደሚል ማንም አያውቅም። በአርባቸው ቀን ሽማግሌ ተሰብስቦ እንዲያየው አዘው ነበር የሞቱት።

አለቃዬ ኮማንደር ቢሰጥ ብዙ አላሰበም። "የቆለፈ ይከፍታል፣ የከፈተ ያጠፋል" አለና ሰዓድን በካቴና አስወሰደው።

ምንም አልተሰማኝም። ይህን የምለው ለጉራ አይደለም። ባለፉት ዓመታት ብዙ ባልደረባ ቀብሬያለሁ፣ መግባት የማልፈልግበት ብዙ ቤት ገብቻለሁ፤ አንድ ቦታ ላይ ውስጤ ደነዘዘ። ጥርስ ሐኪም መርፌ ሲወጋችሁ ከንፈራችሁ የሌላ ሰው ከንፈር እንደሚመስለው ማለት ነው። የሰዓድ እናት የፖሊስ ጣቢያው በር ላይ ቁጭ ብላ ስታለቅስ በአጠገቧ አለፍኩ፤ "እናት ናት፣ ታለቅሳለች" አልኩ በሆዴ። ስሜ አስናቀው ነው፤ ኢንስፔክተር ነኝ። መዝገቡን ለእኔ ሰጡኝ።

በመጪው ሰኞ መዝገቡ ወደ ዐቃቤ ሕግ ይሄዳል። እስከዚያ ሌላ ሰው ካላገኘሁ ሰዓድ ይከሰሳል። ቢፈረድበት ይታሰራል፤ ባይፈረድበትም የሰው አደራ በልቷል ተብሎ በዚህ ከተማ ሱቅ መክፈት አይችልም።

*

"ከመጀመሪያው ንገረኝ" አልኩት ሰዓድን። እጁን ፈትቼ አስቀመጥኩት።

"ከቫይረሱ ልጀምር?"

"ከፈለግህበት ጀምር።"

"እዚህ አገር ፍላሽ ሳይዝ የሚመጣ ደንበኛ የለም። ፍላሹ ደግሞ ቫይረስ ሳይዝ አይመጣም። የአንዷን ልጅ የመመረቂያ ጽሑፍ በላብኝ፤ እዚያው ሱቄ ውስጥ ራሷን ስታ ወደቀች። ከዚያ በኋላ ማሽኖቼን ሁሉ ሊኑክስ ወደሚባል የኮምፒውተር ማስኬጃ አዞርኳቸው። ነፃ ነው፣ የተሠራበት ኮድም የተደበቀ አይደለም፣ የፈለገ ያየዋል።"

"ሊኑክስ ቫይረስ አይነካውም ሲሉ እሰማለሁ።"

"ብዙም አይነካውም። ግን እሱን ባይነካው በእሱ በኩል ያልፋል። እኔ ሳያመኝ በሽታውን ተሸክሜ ቤት ለቤት ባዞረውስ? የአንዱን ፍላሽ ቫይረስ ለሌላው እያቀበልኩ ነበር። ስለዚህ መከላከያ ፈለግሁ። የሚከፈልበትን አልችልም፤ ነፃ የሚባለው ደግሞ ግማሹ ራሱ ሌባ ነው። ኔት ጠፍቶ ስለነበር ከፍላሽ ፍላሽ ነው የተፈለገው። ባሕር ዳር ለሚሄድ ሁሉ አደራ እል ነበር። መጨረሻ ላይ ቡሬ ኮሌጅ የምታስተምረው የአጎቴ ልጅ ራጂያ አገኘችልኝ።"

"ምን ምን ነው የሰጠችህ?"

"ፍላሽ የሚያበጥር ወንፊት፣ ፋይል የሚቆልፍ ሣጥን። ማን ምን እንደነካ የሚመዘግብ ዘበኛም አለው። ወንፊትና ዘበኛ እኔ ያወጣሁላቸው ስም ነው።" ትንሽ ፈገግ አለ። የት እንዳለ የረሳ መሰለኝ።

"ስለ መምህርት ንገረኝ።"

"ሥርጉት ደግፋ አመጣቻቸውና ደጃፉ ላይ ቆማ ጠበቀች። ቪዲዮውን ሰው በሌለበት በራሳቸው ቀረጹ፤ እኔም ካሜራውን ከፍቼ፣ በሩን ዘግቼ ወጣሁ። ተመልሼ ስገባ 'ይቆለፍ፣ ግልባጭ እንዳይኖረው፤ ሁለት ቦታ ያለ ምስጢር ምስጢር አይደለም' አሉኝ። ማንም የማያውቀው፣ እርስዎ ግን የማይረሱት ቃል ይምረጡ አልኳቸው። የልደት ቀንም ስልክ ቁጥርም አይሆንም አልኳቸው። ሳቁ። 'እሱስ አለኝ። ስሞት ትሰሙታላችሁ' አሉ። እኔም ቀልድ መስሎኝ ሳቅሁ።"

"ከዚያስ?"

"ፊደሎቹን የኮምፒውተሩ ስክሪን ላይ ደረደርኩላቸውና ፊቴን ወደ ግድግዳ አዞርኩ። እሳቸው በማውስ አንድ በአንድ እየነኩ ጻፉ። አስተማሪ አይደሉ፣ ፊደል ላይ አይቸኩሉም። ግድግዳውን ቀለም መቀባት እንዳለብኝ ያን ቀን ነው ያየሁት።"

"ቃሉን ሌላ የሚያውቅ የለም?"

"'በአርባዬ ቀን አባ መሐሪ ይከፍቱላችኋል' ነው ያሉኝ።"

"ዓርብ ቀን የት ነበርክ?"

"ሱቅ ነበርኩ፤ እኩለ ቀን ላይ ለጁምዓ መስጊድ ሄድኩ።"

"ሱቁን ቆልፈህ?"

"መጥረጊያ አጋድሜ።"

በዚያ ተርታ ያሉ ባለሱቆች ለጸሎት ወይም ለምሳ ሲሄዱ በር አይዘጉም፤ መጥረጊያ በደፉ ላይ ያጋድማሉ። መጥረጊያ ካለ ባለቤቱ የለም ማለት ነው፣ ሰው አይገባም። አባቶቻቸውም እንዲያ ነበር የሚያደርጉት። ይኸው ሰዓድ ሁለት ዓመት ሙሉ መከላከያ ሲያስስ ኖሮ፣ በሩን ለመጥረጊያ ትቶት ይሄዳል።

"መጥረጊያ ቁልፍ ነው?" አልኩት።

"እስከ ዓርብ ድረስ ነበረ" አለኝ።

*

ማሽኑን ጭኜ ቡሬ ሄድኩ። ራጂያ ከትምህርት ክፍሏ ወጥታ ተቀበለችኝ። ሰላምታዋ ቀዝቃዛ ነበር፤ አልፈርድባትም።

"ነፃ ብለሽ የሰጠሽው ነገር ነው ኑዛዜውን የበላው ይላል አለቃዬ" አልኳት።

"ነፃ ማለት ባለቤት የለውም ማለት አይደለም፣ ጋሼ። ኮዱን የፈለገ ሰው ያነበዋል ማለት ነው። ተንኮል ቢኖርበት ስንት ዓይን አይቶት ያልፋል? እኔም ከማን እንደመጣ፣ መንገድ ላይ እንዳልተነካ አጣርቼ ነው የሰጠሁት።" ማሽኑን ከፈተችና ዘበኛው የመዘገበውን አወጣች። ለረጅም ጊዜ አነበበች።

"ቫይረስ ነው?" አልኳት።

"አይደለም። ሰው ነው። ዓርብ እኩለ ቀን ላይ ሣጥኑ ተከፍቷል። አንድም የተሳሳተ ሙከራ የለም። የገባው ሰው ቃሉን ገምቶ አልደረሰበትም፣ ያውቀው ነበር። ቪዲዮው ትንሽ ተከፍቶ ቆይቷል። ከዚያ በወፍጮው ተፈጭቷል።"

"ምን በሚሉት ወፍጮ?"

"ዝም ብሎ የጠፋ ፋይል ተፈልጎ ይገኛል። ከሣጥኑ ጋር አብሮ የሚመጣ ወፍጮ ግን አለ፤ በእሱ የጠፋ አይመለስም። የደንበኛ የግል ፎቶ ለማጥፋት ነበር ሰዓድ የጠየቀኝ።" ቀና ብላ አየችኝ። "አይገኝም፣ ጋሼ። አይድከሙ።"

"ያ ወፍጮ እንዳለ የሚያውቅ ማን ነው?"

"እኔ። ሰዓድ። እሱ ያስተማረው ሰው።" ይህን ብላ የተናገረችው ነገር ለማን እንደሚከብድ ገባት፤ ዓይኗ እንባ ሞላ። "ወላሂ እሱ አይደለም" አለች።

ብዙ እህት፣ ብዙ የአጎት ልጅ እንዲህ ሲል ሰምቻለሁ። አመስግኛት ማሽኑን ይዤ ተመለስኩ።

*

አባ መሐሪን ከቤተ ክርስቲያኑ ቅጥር አጠገብ ጥላ ሥር አገኘኋቸው። መስቀል ካሳለሙኝ በኋላ የመጣሁበትን ነገርኳቸው።

"ቃሉን ያውቁታል፣ አባ?"

"አውቀዋለሁ።"

"ለማን ነገሩት?"

"ለማንም።"

"ምን እንደሆነ ይንገሩኝ።"

"የንስሐ ልጄ ነበሩ። የሰጡኝን ቃል በአርባቸው ቀን እንጂ ከዚያ በፊት አልናገርም ብዬ ተስማምተናል። እኔ ቃል ማፍረስ ልጀምርልህ?"

"አንድ ሰው ታስሯል፣ አባ።"

"አውቃለሁ። እጸልይለታለሁ።"

"ዓርብ እኩለ ቀን የት ነበሩ?"

አልተቆጡም። "ቅዳሴ ላይ። ምእመኑ ሁሉ ምስክሬ ነው።" ተነሥተው መቋሚያቸውን ያዙ፤ ከዚያ ቆም አሉ። "አስናቀው፣ ቤተ ክርስቲያን ከተሳለምክ ስንት ጊዜህ ነው?"

"ሥራ በዝቶ ነው።"

"ሥራ በዝቶ" ብለው ደገሙት። ያን ጊዜ ወቀሳ መሰለኝ።

*

ከሱቁ ፊት ለፊት ሻይ የምትሸጠው ፍሬ፣ "ዓርብ ቀን ይርሳውን አይቼዋለሁ፤ በሩ ላይ ቆሞ ነበር" ብላ ነገረችኝ። ደስ ሊለኝ ይገባ ነበር። ይርሳውን አስጠራሁት።

"ሄጃለሁ" አለ ወዲያው። "ሰዓድን ላስፈራራው ነበር፣ ምን እዋሻለሁ። መጥረጊያውን አየሁና ተመለስኩ። እኔ በሰው ደፍ ላይ የተኛ መጥረጊያ አልሻገርም።"

"ከዚያ የት ሄድህ?"

"አንቱስ ይቀልዱብኛል። እናንተው ዘንድ ነዋ። ኮማንደሩ ፊት ተቀምጬ አመልክቼ፣ ከምሳ በኋላ ነው የወጣሁት።"

ኮማንደር ቢሰጥን ጠየቅሁት። እውነት ነበር፤ እኩለ ቀኑን ሙሉ ጆሮውን ሲያደነቁረው ነበር። ይርሳውን ከደሙ ንጹሕ ያደረገው የእኛው ጣቢያ ሆኖ አረፈው። ደግሞም ሰውዬው በቀብሩ ላይ እንኳ አልደረሰም፤ ከሽንዲ የሚመጣው መንገድ ተዘግቶበት ማታ ነበር የገባው።

"እንግዲህ ሰዓድ ነው፤ መስጊድ ያዩት ቢኖሩም መቼ እንደገባና መቼ እንደወጣ ልብ ያለ የለም" አለ ኮማንደሩ።

"ይመስላል" አልኩ።

*

ሥርጉት በልቅሶው ቤት፣ ድንኳኑ ውስጥ፣ የሟች ዘመድ በሚቀመጥበት ፍራሽ ላይ ነበረች። ሠላሳ ዓመት ገደማ ይሆናታል። ጥቁር ለብሳ፣ በነጠላዋ እስከ ግንባሯ ተሸፍናለች። ዓርብ እኩለ ቀን እኔ ራሴ መጥቼ "እግዚአብሔር ያጽናሽ" ብያት ነበር፤ ከዚያ በፊት በቀብሩ ዕለት ቡሬ ሥራ ላይ ስለነበርኩ አልደረስኩም። ዓርብ ዕለት ነጠላዋን ዝቅ አድርጋ ከመጎንበስ በቀር አልመለሰችልኝም። ስለዚህ ዓርብ እኩለ ቀን የት እንደነበረች ልጠይቃት አላስፈለገኝም፤ ምስክሯ እኔው ነበርኩ።

"ኑዛዜው መጥፋቱን ሰምተሻል?"

"ሰምቻለሁ።"

"ቤቱ ለይርሳው ሊሆን ነው።"

"ይሁንለት።"

"አያሳዝንሽም?"

"እትዬ የሉ። ቤቱን ምን አደርገዋለሁ?" ጣቶቿን አንድ በአንድ ትቆጥር ነበር። ከዚያ፣ "ሰዓድ ይፈታል?" አለችኝ።

"አይመስለኝም።"

"ቫይረስ ሊሆን አይችልም? እሱ ሁልጊዜ ስለ ቫይረስ ነው የሚያወራው።"

"ቫይረስ አይደለም።"

"እርግጠኛ ናችሁ?"

"እርግጠኞች ነን።"

ነጠላዋን ወደ ፊቷ ሳበችው። የሰዓድ ነገር ለምን እንዲህ አሳሰባት ብዬ መጠየቅ ነበረብኝ። አልጠየቅሁም፤ ሐዘንተኛ ስለ ብዙ ነገር ይጠይቃል ብዬ ወጣሁ።

*

እሑድ ማንኩሳ ሄድን። ባልደረባችን ደረሰ በመኪና አደጋ ሞቶ ነበር። ሰኞ የሰዓድ መዝገብ ይወጣል፤ እሑድ ደግሞ ቀብር ነው። ሰልፍ ሠርተን፣ ባርኔጣችንን ይዘን ከሬሳው አጠገብ ቆምን። ደረሰን ዐሥር ዓመት አውቀዋለሁ። አብረን በልተናል፣ አብረን ፈርተናል። የተሰማኝ ነገር ቢኖር የጫማዬ መጥበብ ብቻ ነው።

ካህኑ ፍትሐቱን ሲያደርሱ፣ "ለነፍሰ ገብርከ ገብረ ሕይወት" አሉ።

ማን ነው እሱ ብዬ ዞር አልኩ። ከዚያ የደረሰ የክርስትና ስም እንደሆነ ገባኝ።

እኛ አገር የክርስትና ስም አይነገርም። እናት ታውቀዋለች፣ የንስሐ አባት ያውቀዋል፤ ለሌላ ሰው መንገር መድኃኒተኛ እጅ ላይ መውደቅ ነው ተብሎ ከልጅነታችን ተነግሮናል። እኔም የሚስቴን አላውቅም፣ እሷም የእኔን አታውቅም። ሰው በሕይወት ሳለ ከዚያ ስም የበለጠ የተቆለፈ ነገር የለውም። ሲሞት ግን ካህኑ ቆመው፣ ሰው ሁሉ እየሰማ፣ በዚያ ስም ይጠሩታል።

ማንም የማያውቀው፣ የማይረሳ ቃል። ስሞት ትሰሙታላችሁ።

መምህርቲቱ የመረጡት ቃል እስከሚሞቱ ድረስ በዓለም ላይ ጠንካራው ቁልፍ ነበር። በቀብራቸው ቀን በአደባባይ ተነገረ። ሰዓድ ሙስሊም ነው፤ ቀብሩ ላይ መጥቶ ከቅጥሩ ውጭ ነበር የቆመው፤ ቢሰማውም ምን እንደሆነ አያውቅም። ይርሳው ቀብሩ ላይ አልደረሰም። ቃሉን የሰማ ሰው ብዙ ነው፤ መምህርት ሰዓድን ምን እንዳሉት የሰማ ግን ደጃፉ ላይ ቆሞ የጠበቀ አንድ ሰው ብቻ ነው።

የደረሰን አፈር አልብሰን ሳንጨርስ ወደ መኪናው ሄድኩ። አባ መሐሪ ቤተ ክርስቲያን ከተሳለምክ ስንት ጊዜህ ነው ያሉኝ ወቀሳ አልነበረም። ቃላቸውን ሳያፈርሱ ሊነግሩኝ የሚችሉት እሱን ብቻ ነበር።

*

የቀረችኝ አንዲት ነገር ነበረች። ሥርጉትን ዓርብ እኩለ ቀን በዓይኔ አይቻታለሁ። ወይም በነጠላ የተሸፈነች ሴት አይቻለሁ።

ጎረቤቷን ጥሩዬን ከድንኳኑ ጓሮ ድስት ስታጥብ አገኘኋት።

"ዓርብ ቀን ሥርጉት ከፍራሹ ተነሥታ ነበር?"

"ኧረ የሐዘንተኛ ቦታ ባዶ አይቀመጥም፣ ጌታው። ባዶ ከሆነ ሌላ ሞት ይጠራል።"

"ባዶ ነበር ወይ አላልኩም። እሷ ነበረች ወይ ነው ያልኩት።"

ድስቱን አስቀመጠች። "ወጣ ብዬ አየር ልውሰድ አለችኝ። እኔ ነኝ ተሸፍኜ የተቀመጥኩላት። ጥፋት ነው?"

"እኔን ያየሽኝ አንቺ ነሽ ማለት ነው?"

"አጎንብሼልዎት የለ?" አለች።

ከሰዓድ ጎረቤቶች አንዱ ሥርጉት ከአንድ ዓመት በላይ እየመጣች በዚያው ማሽን ላይ ጽሕፈት ስትለማመድ እንደነበር፣ ሰዓድም ያለ ገንዘብ እንደሚያስተምራት አረጋገጠልኝ። ሣጥኑንም ወፍጮውንም ያሳያት እሱ ነው። መጥረጊያውን ብትሻገር ማንም ዞር ብሎ አያያትም ነበር፤ የቤቱ ሰው ነበረች።

*

ሥርጉትን ጣቢያ ያስመጣኋት እሑድ ከሰዓት ነው። አንድ ሴት ፖሊስ አጠገቧ ተቀመጠች። ሻይ አስመጣሁላት፤ አልነካችውም።

"ወለተ ሐዋርያት" አልኳት።

ከመምጣቷ በፊት በቀብሩ ላይ የነበረ አንድ ዲያቆን ጠይቄ ያገኘሁት ስም ነው። ሌላ ነገር መናገር አላስፈለገኝም። ነጠላዋን ከራሷ ላይ አወረደችው።

"ሠላሳ ዓመት አብሬያቸው ኖሬ ስማቸውን አላውቀውም ነበር" አለች። "ቄሱ ሲጠሩት ሰማሁ። ለሰዓድ ያሉት ትዝ አለኝ። ያን ጊዜ ምንም ላደርግ አላሰብኩም።"

"ዓርብ ቀን ለምን ሄድሽ?"

"ቤቱ ጭር አለብኝ። ድምፃቸውን ልሰማ ነበር የሄድኩት። አንድ ጊዜ ሰምቼ ልመለስ። ሰዓድ አልነበረም፣ መጥረጊያውን ተሻገርኩት። ስማቸውን ጻፍኩት፣ ተከፈተ። ነጩን ቀሚሳቸውን ለብሰዋል። እኔ ነኝ ያን ቀን ያለበስኳቸው።"

"ምን አሉ?"

ነጠላዋን አጣጥፋ ጉልበቷ ላይ አስቀመጠች።

"'እግዚአብሔር ይመስገን፣ ሽማግሌዎች እንደምን አላችሁ' አሉ። 'አባቴን ፈርቼ፣ በኋላም እናንተን ፈርቼ ነው የኖርኩት' አሉ። 'ሥርጉት ያሳደግኋት አይደለችም፣ የወለድኳት ልጄ ናት' አሉ።"

ሴቷ ፖሊስ ወደ እኔ አየች። እኔ ወረቀቱን አየሁ።

"ከዚያስ?"

"አጠፋሁት።"

"ለምን?"

"እግሯን አጥቤያለሁ" አለች። ድምፅዋ ከፍ አላለም። "ምግቧን አኝኬ እስከማጉረስ ደርሻለሁ። እትዬ እላታለሁ፣ ቆሜ አበላታለሁ። ሁለታችን ብቻ ስንት ሌሊት አድረናል። አንድ ጊዜ፣ ጆሮዬ ላይ፣ ልጄ ብትለኝ ምን ነበረበት? ለሽማግሌ ነው የነገረችው። እኔ በአርባዋ ቀን ጠላ እየቀዳሁ፣ ይርሳው እየሰማ፣ ከሰው እኩል ልሰማው? አልፈለግሁትም። ከሠላሳ ዓመት በኋላ በኮምፒውተር የሚመጣ እናት አልፈለግሁም።"

"ቤቱንስ ለማን ሰጡ?"

"አላውቅም" አለች። "እዚያ አልደረስኩም።"

አዘንኩላት። አዘንኩ ስል እንደ ወጉ አይደለም፤ ተነሥቼ ውኃ መጠጣት ነበረብኝ። ከመቼ ወዲህ እንዲህ እንዳልሆንኩ አላስታውስም።

"ሰዓድን ግን ለምን ተውሽው?"

"ቫይረስ ነው ብላችሁ የምትለቁት መስሎኝ ነበር። ቫይረስ አይደለም ሲሉኝ ደግሞ ከአፌ አልወጣ አለ። እኔ አጠፋሁት ካልኩ ለምን ትሉኛላችሁ። ለምን ካላችሁኝ እሱን መናገር አለብኝ።" እንባዋ ያን ጊዜ ነው የመጣው። "እናቱ በር ላይ ተቀምጣ አይቻታለሁ። በሌላ መንገድ ዞሬ ሄድኩ።"

ቃሏን ጽፌ አነበብኩላት። ትክክል ነው አለች። ብዙ ሰው ቃል ሲሰጥ እንዳይፈራብኝ መጀመሪያ ነገሩን እጽፍና የወረቀቱን ራስጌ መጨረሻ ላይ ነው የምሞላው። ስሟን ጻፍኩ፣ ዕድሜዋን ጻፍኩ። ለአባት ስም መታወቂያዋ ላይ ያለውን፣ የቀበሌ ሰው የሰጣትን ስም ገለበጥኩ።

"የእናት ስም?" አልኩ። የምጠይቀው ሁልጊዜ ነውና ከአፌ ወጣ።

መታወቂያዋን አየሁት። እዚያ ቦታ ላይ ሰረዝ ብቻ ነበረበት።

"ግዴታ ነው?" አለች።

"ግዴታ ነው። ራስጌው ጎዶሎ ከሆነ ኮማንደሩ አይፈርምበትም። ካልፈረመ ነገ የሚሄደው የሰዓድ ስም ነው።"

ውጭ አንድ ባጃጅ አልነሣ ብሎት ሲያጓራ ይሰማል። ሴቷ ፖሊስ መስኮቱን ዘጋችው። ሥርጉት የቀዘቀዘውን ሻይ ወደ ጎን ገፋ አደረገችና ወረቀቱን ወደ ራሷ ሳብ አድርጋ ባዶውን ቦታ ተመለከተችው። ሰረዝ እንዳደርግበት ትለምነኛለች ብዬ ጠበቅሁ።

"ደስታነሽ" አለች። እትዬ አላለችም። "ደስታነሽ ወንድምአገኝ።"

ጻፍኩት። ጽሕፈቴ አላማረም።

"ይሄ ሽማግሌ ፊት ይነበባል?"

"አይነበብም። መዝገብ ቤት ነው የሚቀመጠው።"

ብዕሩን ተቀብላኝ ፈረመች። ወረቀቱን መልሳ ሰጠችኝና ነጠላዋን በራሷ ላይ ጣል አደረገች።

"ደግ" አለች። "በሉ ሰዓድን ፍቱት።"